ባልየው አላለቀሰም አሉ

ሚስት ተገድላ ስትገኝ የመጀመሪያው ችሎት የሚቀመጠው ለቅሶ ቤት ነው። ዳኛው ብዙ ነው፣ መዝገብ የለውም፣ ይግባኝም አይባልበትም። ማስረጃው የባልየው ፊት ነው። አለቀሰ ወይስ አላለቀሰም? ሲያለቅስ እንባ ነበረው ወይስ ድምፅ ብቻ? ንፍሮውን ቆረጠመ? ስልኩን አነሳ? መቃብር ልግባ ብሎ ታገለ ወይስ አፈሩ ሲመለስ ዳር ቆሞ ተመለከተ? ሠልስት ሳይደርስ ፍርዱ ይወጣል። ወይ «ሌላ ማን አለ፣ እሱ ነው የበላት»፣ ወይ ደግሞ «ኧረ እሱስ ምስኪን፣ አብሯት ሊሞት ነበር»።

መሐል ሜዳም ሆነ ሞላሌ፣ ደብረ ብርሃንም ሆነ አዲስ አበባ ይህ ችሎት አንድ ዓይነት ነው። አዲሱ ነገር ለቅሶ ቤቱ ስልክ ውስጥ መግባቱ ብቻ ነው። የቀብር ቪዲዮ ይለቀቃል፣ ሟቿንም ባሏንም አይቶ የማያውቅ ሰው ከሥር «ዓይኑን እዩት» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው በቀይ ክብ ያሰምርበታል። እንደዚህ ያለ ችሎት መፍረስ አለበት። ለባል ታዝኖ አይደለም። ይህ ችሎት ከሁሉ በላይ የሚበድለው የሞተችውን ሴት ስለሆነ ነው።

በድሮ ጊዜ ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ልጁ እየተንገዳገደ በየሰፈሩ ይነዳል፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ዛሬ ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል። በአንጻሩ አውጫጭኝ ነበር፣ አፈርሳታም ይባላል። አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። ብዙ ግፍ ያለበት ሥርዓት ነው፤ ሥራ ይፈታል፣ ቂም ያለው በቂሙ ሰው ያስወነጅላል። ግን አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ የሚጠይቀው ማን ምን አየ፣ ማን ምን ሰማ ብሎ ነው። እንባ የሚቆጥረው የዛሬው ችሎት የአውጫጭኝ ልጅ ቢሆን ጥሩ ነበር። እሱ ግን የሌባሻይ ልጅ ነው። ባልየው የተንገዳገደበትን አይቶ ይፈርዳል።

መንዝ ላይ ነገሩ የባሰ የሚወሳሰብበት ምክንያት አለ። መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚያ ብርድ ባና ተከናንቦ፣ በግ እየጠበቀ ያደገ ወንድ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚነገረው ሆዱን ለሰው እንዳያሳይ ነው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የመንዝን ሰው ጠንካራነትና ኩራት ለዓለም ያስተዋወቀው ይህንን አይቶ ነው። ሰላሳ ዓመት «ወንድ ልጅ እንባውን ወደ ሆዱ ያፈሳል» እየተባለ ያደገ ሰው ሚስቱ በተገደለች ማግስት እንባውን ወደ ሆዱ ሲያፈስ «አላለቀሰም» ተብሎ ይጠረጠራል። ያስተማረውም የሚፈርድበትም ያው አንድ ሰፈር ነው።

በእርግጥ ለወንድም የሚያለቅስበት ወግ ተሰጥቶታል። ደረት ይደቃል፣ ፀጉር ይላጫል፣ ከል ይለበሳል፣ የሟች ስም እየተጠራ ይጮኻል። ሟቿን በአካል አይታት የማታውቅ ጥሩ አስለቃሽ ድንኳን ሙሉ ሰው ታስለቅሳለች፤ ለዚህም ትመሰገናለች። እንግዲህ እንባ በጥበብ የሚወጣ ነገር መሆኑን አገሬው ራሱ ያውቃል፣ ለአስለቃሿም ዋጋ ከፍሎ መስክሯል። ታዲያ የገደለው ሰው ይህን ወግ መማር ለምን ይቸግረዋል? ከሁሉ አብልጦ ማልቀስ ያለበት እሱ አይደለም ወይ?

ነገሩ በሌላ ዓለም ታይቶ ያለቀ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1989 ቦስተን ውስጥ ቻርልስ ስቱዋርት የተባለ ሰው ከመኪናው ውስጥ ለፖሊስ ደወለ። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ካሮል አጠገቡ በጥይት ተመትታለች፣ እሱም ሆዱ ላይ ቆስሏል። ዘረፈንና ተኮሰብን ያለው አንድ ጥቁር ሰው ነው። ድምፁ እየደከመ ሲሄድ በስልክ ተቀድቷል፤ አሜሪካ በሙሉ ሰምቶ አለቀሰ። ሚስቱ ሞተች፣ በቀዶ ጥገና የወጣው ልጅም 17 ቀን ኖሮ ሞተ። ባልየው ሆስፒታል ተኝቶ ለሚስቱ የጻፈው የስንብት ደብዳቤ አገረ ገዥውና ካርዲናሉ በተገኙበት የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ተነበበ። ፖሊስም ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር ወርሮ ወጣቱን ሁሉ መንገድ ላይ እያቆመ ፈተሸ። ዊሊ ቤኔት የተባለ ሰው ተያዘ፤ ስቱዋርትም ከተደረደሩት ሰዎች መካከል እሱን መርጦ አመለከተ። ጉዳዩ የፈረሰው የስቱዋርት የገዛ ወንድም ለፖሊስ እውነቱን ሲናገር ነው። ገዳዩ ባልየው ነበር። በማግስቱ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1990፣ ሬሳው ከድልድይ ሥር ከወንዝ ወጣ። የቦስተን ከንቲባ ቤኔትንና አብሮ የተጠረጠረውን ሌላ ሰው በይፋ ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት መሆኑ ነው። አንድ ሰው በሚገባ ስላለቀሰ።

አሁን ደግሞ በሚገባ ያላለቀሰውን እንይ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1986 በአሜሪካ ቴክሳስ ማይክል ሞርተን ማለዳ ተነሥቶ ሥራ ሄደ። ሚስቱ ክሪስቲን አልጋዋ ላይ ተደብድባ ተገድላ ተገኘች። ባልየው ዝምተኛ ነው፤ ፖሊስና ጎረቤት በጠበቁት መንገድ አልጮኸም፣ አልወደቀም። ከቀብሩ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሚስቱ በደጃፉ የተከለቻቸውን አበቦች ቆርጦ ጣላቸው። በእነዚያ አበቦች በሕይወት ሳለች ይነታረኩ ነበር። ጎረቤት አይታ ፍርድ ቤት ቀርባ መሰከረች። አበባ የቆረጠ ባል! ዳኞቹ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረዱበት።

በዚያው ሰዓት በመዝገቡ ውስጥ ሌላ ነገር ተቀምጦ ነበር። የሦስት ዓመት ልጃቸው ነገሩን አይቷል፤ እናቴን የመታት ጭራቅ ነው፣ አባቴ ቤት አልነበረም ብሎ ለአያቱ ተናግሯል፣ አያቱም ለመርማሪው ነግራለች። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ደም የነካው መሐረብ ተገኝቷል። የልጁ ቃል ከተከላካዩ ተደበቀ፣ መሐረቡም ለዓመታት ሳይመረመር ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዘረመል ሲመረመር የሌላ ሰው አሻራ ወጣበት፤ ሞርተን ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ታስሮ ተፈታ። እውነተኛው ገዳይ እሱ በታሰረ በሁለተኛው ዓመት ሌላ ሴት በገዛ ቤቷ ገድሏል። ማስረጃውን የደበቀው ዐቃቤ ሕግ በበኩሉ 10 ቀን እስራት ተፈረደበት። አስር ቀን!

የሁለተኛዋን ሴት ሞት ማንም ልብ አይለውም። ፊት አይተው የፈረዱት ሰዎች አንድ ንጹሕ ሰው ብቻ አይደለም ያሰሩት፤ አንድ ገዳይም ለቀዋል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ባል አይጠርጠር» የሚል ካለ ነገሩ አልገባውም። ባል ይጠርጠር። መጀመሪያ ይጠርጠር። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጽሕፈት ቤት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም 51,100 ሴቶችና ልጃገረዶች በፍቅር አጋራቸው ወይም በቤተሰብ አባል ተገድለዋል። በቀን 140 ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 21,700ው አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲነጻጸርም ከፍተኛው የአፍሪካ ነው። በሬ ከአራጁ ይውላል እንደሚባለው ሴት በብዛት የምትሞተው አብሯት በሚበላ ሰው እጅ ነው። መርማሪ ሥራውን ከባል ቢጀምር ትክክል ነው። ጥፋቱ ከባል መጀመሩ ሳይሆን በባልየው ፊት መጨረሱ ነው።

ከግድያው በኋላ ባል የሚያደርገው ሁሉ እኩል አይደለምና። እንባ አንድ ነገር ነው፣ ሥራ ሌላ። ቀብሩን ማን አጣደፈው? የለበሰችውን ልብስ ማን አጠበው? ወለሉን ማን በአዛባ ለቀለቀው? ስልኳ የት ገባ? «ሐኪም ይያት» ሲባል «ሬሳ አይንገላታ» ያለው ማን ነው? ለወንድሟ የነገረውና ለፖሊስ የነገረው ይገጥማል? ከገበያ ተመለስኩ ያለበትን ሰዓት አብሮት የተመለሰ ሰው ያውቀዋል? እነዚህ ተፈትሸው እውነት ወይም ሐሰት የሚባሉ ነገሮች ናቸው። የፊት ክስመትና የዓይን ድርቀት ግን ማንም ተመራማሪ መዝኖ ሊያረጋግጠው አይችልም። በሁለት ወር ሌላ ሚስት ማግባቱም እንዲሁ፤ ይነውራል፣ ያስጠላል፣ ለመርማሪውም ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል፣ በራሱ ግን ግድያ አይደለም። እናት የሌላቸው ሦስት ልጆች ይዞ ብቻውን ቡሃቃ ያልነካ ገበሬ ከተዝካር በፊት ሲያገባ አገሬው ብዙ ጊዜ አይቷል።

«ገጠር ውስጥ ካሜራ የለ፣ አሻራ የሚያነሳ የለ፣ ዓይናችንን ካላመንን ምን እንመን?» የሚል ክርክር ይነሣል። ዓይንን ማመን ጥሩ ነው፤ ዓይኑ የሚያየው ቦታ ነው የተሳሳተው። በመንዝ መንደር ማን በስንት ሰዓት በግ እንዳሰማራ፣ የማን ቤት ጭስ ሳይወጣ እንዳረፈደ፣ የማን ውሻ ሌሊት እንደጮኸ፣ ማን ከወራጅ ውሃው ማዶ እንደታየ የማያውቅ የለም። ካሜራ ማለት ይህ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ጎረቤት ፖሊስ ሲመጣ «እኔ አላየሁም» ይላል፤ ፖሊስ ሲሄድ ደግሞ ስለ ባልየው እንባ ሁለት ሰዓት ያወራል። ስለ ውሻው ጩኸት መናገር ምስክርነት ነው፣ ቃለ መሐላ አለው፣ ቂም ያመጣል። ስለ እንባ ማውራት ምንም አያስከፍልም።

ቀብሩ ራሱ ትልቁ ጉዳይ ነው። ሰው ጠዋት ሞቶ ከሰዓት ይቀበራል፤ ወግ ነው፣ ነውር የለበትም። የተገደለችን ሴት ግን ከነማስረጃዋ መቅበር ነው። ለብዙ ዓመታት በዚህ አገር የአስከሬን ምርመራ ማለት አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ማለት ነበር። ከመሐል ሜዳ እስከዚያ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መኪናውን ማን ይከፍላል? ለቀስተኛው እስኪመለስ ማን ይጠብቃል? ባል «በሽታ ነበረባት» ወይም «ከገደል ወደቀች» ካለ፣ ቤተሰቧም ድካሙን ከፈራ፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

አንድ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ነገር አለ። ባል «ራሷን ሰቀለች» ሲል በሁለት ወገን ያተርፋል። ቤተ ክርስቲያን ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አታደርግም። የሟች እናትና አባት ልጃቸው ያለ ፍትሐት እንዳትቀበር ሲሉ «ታማ ነው የሞተችው» ብለው ይሸፍናሉ። በዚህ መንገድ የገደላት ሰውና የወለዷት ሰዎች ሳይማከሩ በአንድ ቃል ይስማማሉ፤ አንዱ ወንጀሉን ሲደብቅ፣ ሌሎቹ ገመናዋን ሲሸፍኑ። ለዚህ ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነበር። አንገቷ ላይ ያለው ምልክት የገመድ ነው ወይስ የእጅ የሚለውን ሐኪም አይቶ ቢናገር፣ የተገደለች ከሆነ ፍትሐቷም አይቀርባትም፣ ደሟም መና አይቀርም።

ወደ ስቱዋርት ለአፍታ መመለስ ያስፈልጋል። ያ ሰው የተሳካለት በትወና ችሎታው ብቻ አይደለም። ከተማው ለማመን ተዘጋጅቶ የተቀመጠበትን ገዳይ ነው መርጦ ያመለከተው። ዛሬ በአማራ ክልል እንደዚያ ያለ ዝግጁ ገዳይ ምን ጊዜም አለ፤ «ያልታወቁ ታጣቂዎች»። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ባለው ጦርነት በታጣቂ እጅ የሞተው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ባል «ሌሊት መጥተው ገደሏት» ቢል ማን ይጠይቀዋል? ፖሊስ በማይደርስበት ቀበሌ፣ ፍርድ ቤት በተዘጋበት ወረዳ፣ ቤት ውስጥ የተተኮሰች ጥይት ከውጭ ከሚተኮሰው ጋር ተቀላቅላ ትጠፋለች። በየወገኑ ያሉ የፖለቲካ ሰዎችም ሬሳውን እየተሻሙ «የእነሱ ሥራ ነው» ሲባባሉ የባልየውን ሰዓት የሚጠይቅ አይኖርም።

ሕጉ በዚህ ነገር ላይ ከሰፈሩ ይሻላል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው ይላል፤ አንቀጽ 20 ደግሞ በፍርድ ሂደት ላይ ያለ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ነው ይላል። ዝምታ ማስረጃ አይደለም ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ከድርጊት በኋላ ያለን ጸባይ የሚያይበት ቦታ አለው። አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትን፣ ጥፋትን ማመንን፣ እጅ መስጠትን ቅጣት ማቅለያ ያደርጋል። እንባ በሕግ ፊት ቦታው እዚያ ነው፤ ጥፋተኝነት ከተረጋገጠ በኋላ፣ የእስራቱ ዓመት ሲሰላ።

እዚያም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል። በአንቀጽ 539 ከባድ ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል፣ በ540 ተራው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት። በ541 ግን «ከባድ ተንኳሽ ነገር ገጥሞት፣ ስሜቱ ገንፍሎ» ከተባለ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ያልቃል። «ሲያያት አበደ፣ ይወዳት ነበር፣ ይኸው ዛሬም ያለቅሳል» የሚለው የለቅሶ ቤት ወሬ እዚህ አንቀጽ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ነው። ሰፈር በነጻ ያወራው ነገር ችሎት ሲደርስ አሥራ አምስት ዓመት ሊያወጣ ይችላል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ወደ ሥሩ መውረድ ይገባል። ባል ከግድያው በኋላ ምን ሆነ የሚለው ጥያቄ ሁሉንም የሚጥመው፣ ከግድያው በፊት ምን ሆነ የሚለውን ስለሚያስረሳ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ካገቡት ወይም አግብተው ከነበሩት ከ15 እስከ 49 ዓመት ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። በዚያው ጥናት 63 በመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ብለው መልሰዋል። የሚመታው ሳይሆን የምትመታው! ይህን መልስ ማን አስተማራት? ፊቷ አብጦ እናቷ ቤት ስትገባ «ትዳር ነው፣ ቻይው» ያሏት፤ በሳምንቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተው «ለልጆችሽ ስትይ» ብለው የመለሷት ሽማግሌዎች። ሚስትን መደብደብ በአንቀጽ 564 በኩል ወንጀል መሆኑን ከእነሱ ውስጥ የሰማ ቢኖር እንኳ «የቤት ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እነዚያው ሽማግሌዎች ለቅሶ ቤት ከፊት ይቀመጣሉ። የባልየውን ዓይን ከሁሉ አብልጠው የሚመረምሩት እነሱ ናቸው። አርባዋ ሳይወጣ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጀምራሉ፤ ነገሩን ማድረቅ። «እሷስ አትመለስም፣ ልጆቹ አባትም ሊያጡ ነው?» ይባላል። አያትየዋ ልጆቹን ማሳደግ ስላለባት፣ ልጆቹ ደግሞ የእሱም ስለሆኑ ትፈርማለች። ምስክሮቹ ቃላቸውን ያጥፋሉ። ግድያ በግል አቤቱታ የሚንቀሳቀስ፣ በእርቅ የሚዘጋ ወንጀል አይደለም፤ ከሳሹ መንግሥት ነው። ሆኖም ምስክር የሌለው ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ከመዝጋት በቀር ምን ያደርጋል? በሠልስቱ «እሱ ነው የበላት» ያለው ድንኳን በአርባዋ «እንግዲህ ይቅር ይበለው» ሲል ማንም አያፍርም። ሁለቱም ፍርዶች ማስረጃ አልነበራቸውምና መለዋወጡ አልከበደም።

በመንዝ ጌራ ምድርም ሆነ በሌላ ወረዳ መርማሪ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ባልየውን ከማየቱ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሰዎች አሉ። ባለፈው ዓመት ወደ ባሏ ቤት የመለሷት ሽማግሌዎች እነማን ናቸው? ሲመልሷት ምን ብላ ነበር? ምን ዓይነት ዛቻ ነገረቻቸው? ለቀበሌው ወይም ለሴቶች ጉዳይ ያመለከተችበት ወረቀት ካለ የማን መሳቢያ ውስጥ ነው? ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን ሰጥተው ይፈርሙ፣ ወረቀቱም ከመሳቢያው ወጥቶ መዝገቡ ላይ ይያያዝ። ሬሳውም ሐኪም ሳያየው አፈር አይመለስበት። ባልየው እስከዚያ ያልቅስም፣ አያልቅስም።